በጸሎትና በድርጊት መካከል፤ የማይድን ሕመምና የአሟሟት ጥያቄ በቢቸናና በሞጣ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች፣ የታመመን ሰው መጠየቅ ከማኅበራዊ ግዴታዎች ሁሉ ቀዳሚ ስፍራ ይሰጠዋል። ጠያቂ ወደ ታማሚው ቤት ሲገባ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ታማሚውም በአቅሙ «አሜን» ብሎ ይመልሳል። ሕመሙ ሲረዝም፣ ታማሚው መብላትና መነጋገር ሲሳነው፣ ሌሊቱም በሲቃ ማለፍ ሲጀምር ግን የጠያቂው ቃል ሳይታወቅ ይለወጣል። ከበር ውጭ ድምፅን ዝቅ በማድረግ «እግዚአብሔር ይገላግለው» መባል ይጀምራል።

ይህ አባባል በአካባቢው እንደ ክፋት አይቆጠርም። የታማሚው እናት ወይም የበኩር ልጁ ራሳቸው ሊሉት ይችላሉ። ልመናው የሚቀርበው ለፈጣሪ ብቻ በመሆኑ ማንንም አያስነቅፍም። ጉዳዩ በሰው እጅ ይፈጸም የሚል ሰው ቢነሳ ግን ነገሩ ወዲያውኑ ከጸሎትነት ወጥቶ ነፍስ ማጥፋት ይሆናል። በዓለም ላይ ሐኪሞችን፣ የሕግ ባለሙያዎችንና የሃይማኖት አባቶችን ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የቆየውና «ኢውታኔዥያ» በመባል የሚታወቀው ጉዳይ የሚገኘውም በዚሁ በጸሎትና በድርጊት መካከል ባለው ጠባብ ስፍራ ላይ ነው።

ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም «መልካም ሞት» ማለት ነው። በአማርኛ አንዳንዶች «የምሕረት ሞት»፣ ሌሎች ደግሞ «የርኅራኄ ግድያ» እያሉ ይተረጉሙታል። ሁለቱ ትርጉሞች የሁለቱን ወገኖች አቋም ከክርክሩ በፊት የሚያሳብቁ ናቸው ማለት ይቻላል። በጠባቡ ሲተረጎም ግን ኢውታኔዥያ ማለት የማይድን ሕመም ያለበት ሰው በራሱ ጥያቄ ሕይወቱ እንዲያልፍ ሐኪሙ መድኃኒት ሲሰጠው ነው። መድኃኒቱን ታማሚው ራሱ የሚወስደው ከሆነ ራስን በማጥፋት መርዳት ይባላል። ውጤት የማይሰጥ ሕክምናን ማቆምና ለሕመም ማስታገሻ መስጠት ከሁለቱም የተለዩ ናቸው። እነዚህ አራት ነገሮች በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ መደባለቃቸው ለብዙ አለመግባባት ምክንያት ሆኗል፤ በታማሚው ላይ የሚያስከትለው ጉዳትም ቀላል አይደለም።

«መልካም ሞት» የሚለው ሐሳብ በራሱ ለጎጃም ሕዝብ እንግዳ አይደለም። «አሟሟቴን አሳምርልኝ» የሚለው ልመና ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አንደበት የማይለይ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ልመና ውስጥ ያለው መልካም አሟሟት ፈጣን አሟሟት አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ አንድ ሰው በመልካም አሟሟት አረፈ የሚባለው ለነፍስ አባቱ ንስሐ ገብቶ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ጸሎተ ቀንዲል ደርሶለት፣ ከተጣላው ታርቆ፣ በሽማግሌዎች ፊት ተናዝዞ፣ ያለበትንና የሚጠየቅለትን ዕዳ ለይቶ፣ ልጆቹንም መርቆ ሲያልፍ ነው። በስተርጅና ቆብ ደፍተው የሚመነኩሱ አባቶችና እናቶችም ለዚሁ ቀን አስቀድመው የሚዘጋጁ ናቸው።

ይህ ሁሉ ጊዜን የሚጠይቅ ነው። ለአንድ የከተማ ነዋሪ ተኝቶ ሳያውቀው ማለፍ የሚያስመኝ ሊሆን ይችላል፤ በልማዱ አመለካከት ግን ሳይናዘዙ በድንገት መሞት ከክፉ አሟሟቶች አንዱ ነው። የታማሚው ነፍስ አልወጣ ሲል ያልታረቀው ሰው፣ ያልተናገረው ምሥጢር ወይም ከሩቅ የሚጠብቀው ልጅ እንዳለ ተደርጎ የሚታመነውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የቀረው ሰው እንዲመጣ ይላካል፤ የተቀያየመው ጎረቤት ይጠራል። የመጨረሻዎቹ የሕመም ቀናት በዚህ ሕዝብ ዘንድ ሥራ የሚሠራባቸው ቀናት በመሆናቸው፣ እነሱን በፈቃድ ማሳጠር ከታማሚው ላይ አንድ ነገር እንደ መንጠቅ ይታያል።

ራሱን በፈቃዱ ያጠፋ ሰው በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ፍትሐት አይደረግለትም። ይህም በሟች ቤተሰብ ላይ የሚጥለው ሐዘንና ሐፍረት ከሞቱ ባልተናነሰ የከበደ ነው። በሁለቱ ከተሞች ለዘመናት አብረው በኖሩት ሙስሊሞች ዘንድም ነፍስን የሰጠ አላህ ብቻ እንደሚወስዳት የታመነ ሲሆን፣ በሕመም ብርታት ሞትን መመኘት እንኳ የተጠላ ነው፤ መታከም ግን የተፈቀደ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓትም የታማሚው አንደበት በሸሃዳ ቃል እንዲዘጋ ቤተሰቡ አጠገቡ ሆኖ ይጥራል።

ሆኖም ባህሉን ከነጉድለቱ ማየት ተገቢ ይሆናል። በምዕራቡ ዓለም ታማሚዎች ሞትን ለመጠየቅ ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አንዱ ለሌላው ሸክም መሆን ነው፤ ይህ ስጋት በቢቸናና በሞጣም አለ፤ የሚመጣው ግን በሌላ መልክ ነው። አንድ አርሶ አደር በጠና ሲታመም መጀመሪያ የሚሸጠው በግና ፍየል ነው፤ ቀጥሎ ላም፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬ ይሸጣል። ከዞኑ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ለጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ወደቆየው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መላክ ሲመጣ፣ ከሕክምናው ዋጋ ይልቅ የመጓጓዣው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ስንቅ ጥሪትን ያሟጥጣል። በመሆኑም የማልድን ከሆነ የልጆቼን ጥሪት አትጨርሱ፤ ወደ ቤቴ መልሱኝ የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ይህ ቃል ከሞት ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም፤ ፈጽሞ የተለየ ነው ለማለትም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሬ መሸጥን ለመቀነስ የታለመ ቢሆንም፣ የጉዞውንና የማደሪያውን ወጪ የሚተካ አልሆነም።

ከዚህም ሌላ የሕመሙን ስም ከታማሚው መደበቅ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ለወንድም ወይም ለልጅ ይነግራል፤ ታማሚው ግን ጨጓራ ነው ይባላል። መርዶን በማለዳ፣ በዘመድና በሽማግሌ፣ አስቀድሞ ልብን አዘጋጅቶ የመንገር ብልሃት ያለው ሕዝብ የታማሚውን የራሱን እውነት የሚነግርበት ወግ አለማዳበሩ የሚያስገርም ነው። ሕመሙ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሊናዘዝበት የሚገባው ጊዜ እያለፈ መሆኑን አያውቅም። ደግነት ተብሎ የሚደረገው ማስታመም በዚህ ረገድ ባህሉ ራሱ የሚመኘውን መልካም አሟሟት ያሰናክላል።

ይህን ጉዳይ ሥነ ጽሑፍም ከሕክምናው ባልተናነሰ ሲመረምረው ቆይቷል። የሩሲያው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተሙት «የኢቫን ኢሊች ሞት» በተሰኘው ሥራቸው፣ የሚሞተውን ሰው ከሕመሙ ይበልጥ የሚያሰቃየው በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንደማይሞት አድርገው መዋሸታቸው ነው። እውነቱን ሳይሸሽግ እግሩን ተሸክሞ የሚያድርለት ጌራሲም የተባለው አገልጋይ ብቻ ነው። ታሪኩ ከደብዳቤና ከካርታ ጨዋታ ወዳዶቹ የሩሲያ ባለሥልጣናት ቤት ወጥቶ ሞጣ ውስጥ ቢፈጸም የሚለወጠው ጥቂት ነው።

ለአካባቢው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የልብ ወለዱ ዋና ስፍራ ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ደራሲው ራሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከቀሰሙባቸው ገዳማት አንዱ ዲማ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ማንበብ የማይችለው የገጠር ነዋሪ ሳይቀር ታሪኩን እንደ ጎረቤት ወሬ ያውቀዋል። መነኩሴ መስላ ረጅሙን መንገድ በእግሯ የተጓዘችው ሰብለ ወንጌል የምትደርሰው በዛብህ ቆስሎ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው። አታድነውም፤ ሕመሙንም አታሳጥርም። መድረሷ ግን ለአንባቢው ሁሉ ነገር ነው። ይህን ትዕይንት አንብቦ ወይም ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው፣ በዛብህ ከመድረሷ በፊት ባረፈ ኖሮ ይሻለው ነበር አይልም። የአካባቢው ሰው ስለ መልካም አሟሟት ያለውን እምነት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማግኘት አዳጋች ነው።

የቅርብ ጊዜው የፊልም ዓለም የተለየ መንገድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጡት የአሜሪካው «ሚሊዮን ዶላር ቤቢ» እና የስፔኑ «ማር አዴንትሮ» ሁለቱም የኦስካር ሽልማት ያገኙ ሲሆን፣ በሁለቱም ታሪኮች ሞትን የሚጠይቁት አካላቸው ሽባ የሆነ ሰዎች ናቸው። የስፔኑ ፊልም ለሦስት አስርት ዓመታት ገደማ ከአልጋ ሳይነሳ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የሞተውን የራሞን ሳምፔድሮን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጥያቄው የነፃነትና የክብር እንጂ የሕመም ማስታገሻ እጦት አይደለም። ማስታገሻውን ያገኘና ያላገኘ ሰው «ልሙት» ሲሉ ቃሉ አንድ ቢሆንም የሚጠይቁት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል።

በሕግ ረገድ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2002፣ ካናዳ በ2016፣ ስፔን ደግሞ በ2021 በጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎች ድርጊቱን የፈቀዱ ናቸው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሐኪሞች መድኃኒቱን እንዲያዙ የተፈቀደ ሲሆን የሚወስደው ታማሚው ራሱ ነው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 በካንሰር የታመመ አንድ ጠበቃ ያቀረበውን ጥያቄ የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ቢቀበለውም፣ አመልካቹ ውሳኔው ከመሰጠቱ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ አርፏል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮታል።

የኢትዮጵያ ሕግ አቋም ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 በሕይወት የመኖርን መብት ያረጋገጠ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ለርኅራኄ ግድያ የተለየ ድንጋጌ አላስቀመጠም። በታማሚው ልመና የተፈጸመ ቢሆንም ሆን ብሎ ሕይወት ማጥፋት ሰው መግደል ነው፤ በአንቀጽ 540 መሠረት ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ሌላው ሰው ራሱን እንዲገድል መገፋፋት ወይም መርዳት ደግሞ በአንቀጽ 542 የተደነገገ ሲሆን፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ርኅራኄ በሕጉ ውስጥ የሚገባው በኋለኛው በር ነው፤ አንቀጽ 82 ከግል ጥቅም ነፃ በሆነና በተከበረ ምክንያት የተነሳሳ ጥፋተኛ ቅጣቱ እንዲቀልለት ለዳኛው ሥልጣን ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ አጋጣሚ ማንሳት ይቻላል። ለአሁኑ ሕግ መሠረት የሆነውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በአገራቸው ሕግ አንቀጽ 115 መሠረት ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳ የሚቀጣው በግል ጥቅም ተነሳስቶ ሲሆን ብቻ ነው። ዛሬ ከልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ለመሞት ወደ ስዊዘርላንድ የሚሄዱት በዚህች አንዲት ሐረግ ምክንያት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት እኚህ ሊቅ ቢሆኑም የኢትዮጵያ ሕግ ግን ለረዳቱ ይህን መውጫ አልተወለትም።

በአንጻሩ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። ስለሆነም ወደ ቤቴ መልሱኝ የሚለው የሞጣ ገበሬ የሚጠይቀው በሕግ የተፈቀደለትን ነው። ቃሉን የሰሙ ልጆችም ወንጀል አልፈጸሙም፤ አባታቸውን ያለ ሕክምና ገደሉት ተብሎ የሚወራባቸው ሐሜት ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ታማሚውን ሲመልሰው «ሐኪም ተስፋ ቆረጠበት» ይባላል፤ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲያ ለሕመሙ የሚደረግ ነገር ያለ አይመስለውም። ጸበል ይቀርባል፤ ጸሎቱ ይቀጥላል፤ ሌሊት የሚነሳውን ቁርጥማት የሚያስታግስ መድኃኒት ግን በቤቱ የለም። በዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ትብሊሲ ላይ በወጣው መግለጫ ኢውታኔዥያን በጥብቅ የተቃወሙት ሐኪሞች፣ ይህን ባዶ ስፍራ የመሙላት ኃላፊነት ከተቃውሟቸው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

ስፍራውን የሚሞላው የማስታገስ ሕክምና ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ፣ የሚሞት ሰው ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ጭምር መሆኑን አስተምረዋል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ታማሚዎችን በየቤታቸው እየተከታተለ መርዳት ጀምሯል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገስ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ይሁንና አገልግሎቱም ሆነ የሚዋጠው ሞርፊን በአብዛኛው በትላልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ተወስኖ ቆይቷል።

ሞርፊን ስሙ ያስፈራል። ታማሚው ሱሰኛ ይሆናል፣ ወይም መድኃኒቱ ሞቱን ያፋጥነዋል የሚለው ስጋት በቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ የጤና ባለሙያዎችም ዘንድ አለ። ማስታገስን ከኢውታኔዥያ ጋር መደባለቅ ጉዳት የሚያስከትለው እዚህ ላይ ነው፤ ሞትን ላለማፋጠን ሲባል ማስታገሻው ይከለከላል፣ ያልታገሰው ሕመም ደግሞ «ልሙት» የሚል ጥያቄ ይወልዳል። እውነታው ግን እንዲህ ነው፦ ለሕመሙ ልክ ተመጥኖ፣ ከዝቅተኛው ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ሞርፊን ሕይወትን እንደማያሳጥር የሕክምናው ዘርፍ ልምድ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የሕመም ማስታገሻ መሰላል ቀላሉ ሕመም በፓራሲታሞልና በመሳሰሉት፣ መካከለኛው በኮዴይን ዓይነቶቹ፣ ጽኑው ደግሞ በሞርፊን እንዲታከም መክሯል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ከዱቄት ተበጥብጦ እንደ ሽሮፕ ስለሚዘጋጅም መርፌ አያስፈልገውም። ኡጋንዳ ሐኪም በሌለበት ገጠር ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ መፍቀዷ አገልግሎቱን ከዋና ከተማዋ ካምፓላ ርቀው ለሚገኙ መንደሮች ለማድረስ አስችሏታል። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላሏት ኢትዮጵያም ይህ ሊጠና የሚገባው ተሞክሮ ነው።

አሰጣጡ ለገጠር ቤት የሚከብድ አይደለም። ፈሳሹ በየ4 ሰዓቱ በአፍ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጣል እንጂ። ሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። በመኝታ ሰዓት የሚሰጠው መጠን በሐኪም ትእዛዝ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሌሊት ላይ የሚሰጠውን መድኃኒት አስቀርቶ ታማሚውም አስታማሚውም ተኝተው እንዲያድሩ ነው።